ከዘመድ ጋር የሚኖሩ ሕፃናት

ቆሰበር፣ ኅዳር ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.

ለክቡር የእናቶችና የሕፃናት ጤና ጥናት ክፍል ሹም
አዲስ አበባ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ጤናዎ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እርስዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ጸሐፊዎችዎና ያንን ጥናት ያባዛው የማተሚያ መኪና ሳይቀር እንደምን ሰነበታችሁ? እኛ በአገው ምድር ያለን፣ ከመሥሪያ ቤትዎ በደረሰን ባለ አረንጓዴ ሽፋን ጥናት መሠረት፣ እጅግ ደህና ነን። ጥናቱ ባይደርሰን ኖሮ ይህን ሳናውቅ እንቀር ነበር። «ጤና ይስጥልኝ» ብዬ ለመጀመር ብዕሬን ካነሣሁ በኋላ ግን ጥቂት አመነታሁ፤ በእኛ አውራጃ ጤና የሚሰጠውም የሚወሰደውም በእርስዎ ፊርማ መሆኑን ባለፈው ጥቅምት ስለተረዳን፣ ለሰጪው ራሱ «ይስጥልኝ» ማለት ድፍረት እንዳይሆንብኝ ፈራሁ።

ስሜ ስማቸው እንየው ይባላል። የተወለድኩት ከዘንገና ሐይቅ አጠገብ ባለ መንደር ነው። ከወረራው በፊት ባሕር ማዶ ተልኬ በዩኒቨርሲቲ ሒሳብ ተምሬአለሁ፤ ስመለስም አስተማሪ፣ ኋላም የትምህርት ቤቶች ተቆጣጣሪ ሆኜ አገልግዬ፣ ዛሬ ዕድሜዬ ከአምሳ አምስት ሲያልፍ ቆሰበር ላይ ተቀምጫለሁ። ይህን የምገልጸው ለመታበይ አይደለም። እርስዎ የሰው ሕመም እንደሚያውቁ ሁሉ እኔም የታመመ ቁጥር ሳይ የማውቅ ሰው መሆኔን እንዲረዱልኝ ብቻ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ልናገር። ባለፈው ግንቦት የሕክምና ተማሪዎች ከመምህራቸው ጋር ወደ አውራጃችን መጥተው ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ እናቶችን ጠየቁ። በመስከረም ጥናቱ ታትሞ ወጣ። የአገው ምድር ሕዝብ ለሕክምና ቅርብ መሆኑን፣ መልካም መመገቡንና ሕፃናቱም ከሌላው አገር ሕፃናት ይልቅ የማይሞቱ መሆናቸውን አበሠረ። በጥቅምት ደግሞ በዚሁ ብሥራት መሠረት የቆሰበር ክሊኒክ ተዘጋ፤ አዋላጇ ነርስ ወይዘሪት ያለምወርቅ «የበለጠ ችግር ወዳለበት ሥፍራ» ተዛወረች፤ መቀሷና የመቀሷ መቀቀያም አብረዋት ተጭነው ሄዱ። እኔም የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከጥር ወር በፊት አዋላጇን ይመልሱልን። ለምን ከጥር በፊት እንደሆነ ወደ ፊት እገልጻለሁ። እስከዚያው ግን ምስጋና የሚገባውን ሳያመሰግኑ መለመን ነውር ነውና፣ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. መንገዳችንን ስላሳጠሩልን አመሰግናለሁ።

ከአራት ሰው ሦስቱ ከክሊኒክ የአንድ ሰዓት መንገድ ሳይርቅ እንደሚኖር በገጽ ዘጠኝ ተጽፏል። ይህ እንዴት እንደተገኘ አጣርቻለሁ። ተማሪዎቹ «ሕክምና ይርቃችኋል?» ብለው ሲጠይቁ ሰዉ ሁሉ «ምን ይርቃል፣ እዚህ ማዶ አይደል?» ብሎ መልሷል። ክቡር ሆይ፣ በእኛ አገር «እዚህ ማዶ» የርቀት ልክ አይደለም። የደከመ እንግዳ እንዳይከፋው የሚነገር ማጽናኛ ነው። ጎሕ ሳይቀድ የተነሣ ሰው ከብት ሲገባ የሚደርስበትም ሥፍራ እዚህ ማዶ ነው። አንድ አረጋዊ ዘመዴ ኢየሩሳሌምን ለመሳለም ዕድሜ ልካቸውን ሲመኙ ኖረው ሳይሄዱ አረፉ፤ እርሳቸውም እስከ መጨረሻው «እዚህ ማዶ» ይሏት ነበር። የእርስዎ ተማሪዎች አግኝተዋቸው ቢሆን ኢየሩሳሌምን ከጎረቤታችን ከፋግታ አጠገብ በካርታ ላይ ባኖሩልን ነበር።

፪ኛ. ስላጠገቡን አመሰግናለሁ።

የአካባቢው ሕዝብ «በሳምንቱ ቀናት ሁሉ፣ ረቡዕና ዓርብን ጨምሮ፣ ሥጋ፣ እንቁላልና ቅቤ ይመገባል» ይላል ጥናቱ። እውነት ነው፤ ተማሪዎቹ የመጡት በበዓለ ሃምሳ ነው። ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕም ዓርብም እንደማይጾም እርስዎም ክርስቲያን እንደመሆንዎ ያውቁታል። ከዓመቱ ውስጥ ጾም የሌለባትን ያችን አጭር ወቅት መርጦ የሕዝብን አመጋገብ መመርመር፣ የሰውን ሀብት በሠርጉ ዕለት እንደመገመት ያለ ብልኅነት ነው። የተመዘገበውም ምግብ ቢሆን አብዛኛው ተማሪዎቹ ራሳቸው የበሉት ነው። ሲመጡ ያያቸው ሁሉ ለእንግዳ ክብር ከጎረቤት እንቁላል ተበድሯል፤ ያላት ዶሮዋን አርዳለች፤ ያ የእንግዳ ገበታ የዘወትር ገበታ ተብሎ ተጽፎልናል። በማግስቱ ልጆቹ የተቀቀለ ድንች በጨው ሲበሉ ተማሪዎቹ ሌላ መንደር ነበሩ።

ጭቃ ሹማችን አቶ ገበየሁ ደግሞ እንግዶቹን እየመሩ ከመግባታቸው በፊት በየበሩ ብቅ እያሉ «የመንግሥት እንግዶች ናቸው፣ ክፉ ክፉውን እንዳታወሩብኝ፤ አገራችን ስሟ እንዳይጠፋ» ብለው አስጠንቅቀው ነበር። ስለዚህ «የምትበሉት ይበቃችኋል?» ለሚለው ጥያቄ ሁሉም «ተመስገን» አለ፤ ተማሪዎቹም «ይበቃል» ብለው ጻፉ። ክቡር ሆይ፣ «ተመስገን» ማለት በቅቶኛል ማለት አይደለም። ስለዚህ ነገር ከእርስዎ ጋር አልነጋገርም ማለት ነው።

፫ኛ. ሦስተኛውን ምስጋና እንዴት እንደምጽፈው ብዙ ቀን ሳስብ ሰንብቻለሁ።

በገጽ ሃያ ሁለት ላይ «ከዘመድ ጋር የሚኖሩ ሕፃናት» የሚል ርዕስ አለ። ከሥሩ ያለውን እንዳለ እገለብጣለሁ፦ «በአገው ምድር ሕፃናትን ገና ጡት ሳይጥሉ ወደ ዘመድ የመመለስ ልማድ በሌላ አውራጃ ባልታየ መጠን ተስፋፍቶ ይገኛል። ዘመዶቹ ከወንድ ይልቅ ሴት ሕፃናትን መቀበል የሚመርጡ ይመስላል። እናቶቹ ስለ ሕፃናቱ ሁኔታ ሲጠየቁ በመልካም ይዞታ ላይ እንዳሉ ያረጋግጣሉ። ይህ ልማድ የሕፃናትን ሞት ለመቀነስ አስተዋጽኦ ሳያደርግ አልቀረም።»

እኔ እዚሁ ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ እንዲህ ያለ ልማድ ሰምቼ አላውቅም። ሆኖም የታተመ ነገር እንዲሁ መናቅ የተማረ ሰው ወግ አይደለምና፣ ልማዱ እኔ ሳልኖር ገብቶ እንደሆነ ብዬ ሕፃናቱን ልፈልግ ወጣሁ። በየቤቱ እየገባሁ «የዘመድ ሕፃን በአደራ ተቀብላችኋል ወይ?» ብዬ ጠየቅሁ። አንድም ቤት አላገኘሁም። ጥናቱ ከመቶ ሕፃናት አሥራ ስምንቱ ከዘመድ ጋር ይኖራሉ ብሎ ከቆጠራቸው ውስጥ አንድም አልቅሶ የሰማሁት፣ አንድም ከእሳት ዳር የታቀፈ ያየሁት የለም። ሴቶቹ ስጠይቃቸው አተኩረው ያዩኝና ሥራቸውን ይቀጥላሉ። አንዲት ባልቴት በራቸውን ቀስ አድርገው፣ የታመመ ሰው እንዳይቀሰቅሱ የሚጠነቀቁ ያህል፣ ዘጉብኝ።

በመጨረሻ የወንድሜ ልጅ እታለማሁ ቤት ደረስኩ። እታለማሁ ከዘንገና ወዲያ የሚያርሰው የአዝመራው ሚስት ናት፤ ሦስት ጊዜ ወልዳለች፤ በቤቷ ግን ልጅ የለም። ዛሬም ነፍሰ ጡር ናት፤ ወሯ የሚገባው በጥር፣ ከጥምቀት በኋላ ነው። ስለ ተማሪዎቹ ሳነሣባት ፊቷ በራ። «ጋሼ፣ ያ የጠየቀኝ ልጅ የተባረከ ነው» አለችኝ። ምን እንዳላትም ነገረችኝ።

ተማሪው «የወለድሻቸው ሁሉ ቤት አሉ?» አላት። «የሉም፤ ሦስቱም ተመለሱ» አለችው። «ወዴት ተመለሱ?» አላት። «ወደ መጡበት ነዋ» አለችው። ልጁ ጥቂት አሰበና «ዘመድ ጋ ማለትሽ ነው?» ሲላት፣ «ዘመድ ካልሆነ ሌላ ማን ይቀበላቸዋል ወንድሜ?» አለች። በመጨረሻም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ደህና ናቸው?» ብሎ ጠየቃት። እርሷም «እኔ ጋ ከነበሩት ሳይሻላቸው አይቀርም» ብላ መለሰችለት።

«የነፍስ አባቴ እንኳ ደህና ናቸው ወይ ብለው ጠይቀውኝ አያውቁም» አለችኝ እታለማሁ። ከዚያ ወዲህ ያንን ተማሪ በጸሎቷ ታነሣዋለች።

ክቡር ሆይ፣ ምናልባት ከልጅነትዎ ጀምሮ በከተማ ኖረው ይሆናልና ልግለጽልዎ። ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ፣ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ትነሣለች። ከዚያ በፊት የሄደ ሕፃን ስም የለውም፤ ፍትሐት የለውም፤ ለቅሶ አይደረስበትም፤ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ አይቀበርም። እናቶቻችንም «ሞተ» አይሉትም፤ ሞት ስም ላለው ነው። «ተመለሰ» ይላሉ። በአገውኛም በአማርኛም እንደዚያው ነው። ሴት ሕፃን የምትጠብቀው ቀን የወንዱ እጥፍ ነውና ከተመላሾቹ የሚበዙት ሴቶቹ ናቸው። «ዘመዶቹ» ሴት ይመርጣሉ የተባለው ይኸው ነው። ዘመዶቹ ምንም አልመረጡም።

የሚኖሩበትን ሥፍራ ለማየት ቢፈቅዱ አድራሻቸው ሩቅ አይደለም፤ እዚህ ማዶ ነው። ከደብራችን ቅጥር በስተምዕራብ፣ ከአጥሩ ውጭ፣ ያረጁ የኮሶ ዛፎች አሉ። ድንጋይ አልተጫነም፤ ምልክት የለም። ግን እሑድ እሑድ ሴቶች ወደ ቅዳሴ ሲሄዱ እዚያ ሲደርሱ እርምጃቸው ይዘገያል፤ አንዷ ነጠላዋን ታስተካክላለች፤ አንዷ እግሯን እሾህ የወጋት መስላ ጎንበስ ትላለች፤ አንዷም ወደ ሌላዋ አታይም። እያንዳንዷ የራሷን ዛፍ ሥር ታውቃለች። እኔ በዚያ መንገድ ከልጅነቴ ጀምሮ ስመላለስ ኖሬ ምንም ሳይመስለኝ አልፍ ነበር። ጥናትዎን ካነበብኩ ወዲህ ግን አልሆነልኝም። «በመልካም ይዞታ ላይ» እንደሚኖሩ በመንግሥት ማኅተም ስለተረጋገጠልኝ፣ ሰው ካለበት ደጅ ዝም ብሎ እንዳለፈ ባለጌ እየተሰማኝ፣ ምሽት ላይ ብቻዬን ስሆን ባርኔጣዬን አነሣላቸዋለሁ። ነፋስ በሌለበትም ቅጠሉ ይንሾካሾካል። ሒሳብ የተማርኩ ሰው ነኝና ይህን መጻፌ ያሳፍረኛል፤ ቢሆንም ጥናቱ ትክክል ከሆነ እኔም አልተሳሳትኩም።

እናቴ የበኩር ልጃቸው እኔ እንደሆንኩ ሲናገሩ አድጌአለሁ። ሊያርፉ ሲሉ ግን «ከአንተ በፊት የተመለሱ ሁለት ነበሩ፤ አንደኛው አንተን ይመስል ነበር» አሉኝ። ለእኔም ከዛፎቹ ሥር ታላላቆች አሉኝ ማለት ነው። ጥናትዎ እነርሱን አልጨመረም፤ ምናልባት በእርጅና ምክንያት ይሆናል።

እስከዚህ ያለውን ከጻፍኩ በኋላ፣ ለእታለማሁ ሳላነብላት ልልከው ኅሊናዬ አልፈቀደም። ወደ አገውኛ እየመለስኩ አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው ሰማች። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፦

«በመንግሥት ወረቀት ላይ አሉ ነው የሚለው?»

አዎን አልኳት።

«ሦስቱም?»

ሦስቱም አልኳት።

«እንግዲያ አይንኩት ጋሼ።»

ክቡር ሆይ፣ ባሕር ማዶ ሳለሁ ብዙ ከባድ ጥያቄ ቀርቦልኝ ያውቃል፤ እንዲህ ያለ ግን አልቀረበልኝም። ስም ያልወጣላቸው፣ ሰው ያላለቀሰላቸው፣ እናታቸው እንኳ ጮክ ብላ ያልጠራቻቸው ሦስት ሕፃናት በዚህ ዓለም ላይ የሚኖሩበት አንድ ሥፍራ ተገኝቶ ነበር፤ እርሱም የእርስዎ ገጽ ሃያ ሁለት ነው። እዚያ ጡት ጥለዋል፤ ምናልባት እስካሁን ዳዴ ብለዋል። እኔ ደግሞ በስሕተት እርማት ስም እንደገና ልቀብራቸው ተነሣሁ። ስለዚህ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ከልቤ የማቀርበው ምስጋና ቢኖር ይህ ነው፦ አንዲት እናት በስሕተትዎ ምክንያት ለጥቂት ጊዜ ሦስት ልጆች ነበሯት።

ነገር ግን እነዚያ በሕይወት እስካሉ ድረስ አዋላጇ እንደማትመለስ ነገርኳት። በወረቀቱ ላይ የሞተ ከሌለ ሐኪም ምን ሊሠራ ይመጣል? እታለማሁ ሆዷን በሁለት እጇ ያዘች። ኋላም «ለዚህኛው ከሆነ ይጻፉ» አለችኝ። በእርሷ ፈቃድ ጽፌአለሁ፤ ሦስቱን በአንዱ ለውጣለች። ዋጋውን ይወቁልኝ።

፬ኛ. ተማሪዎችዎን መልካም አድርገው ስለሚያስተምሩ አመሰግናለሁ።

ይህን ስል አልዘብትም፤ ልጆቹ ጨዋዎች ነበሩ። ሲገቡ ሰላምታ ሰጥተዋል፤ ሲወጡ አመስግነዋል፤ የቀረበላቸውን በልተዋል፤ «ደህና ናቸው?» ሲሉም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገዋል። የደም ሥርና የጅማትን ስም በባዕድ ቋንቋ በቃላቸው እንደሚያውቁ አልጠራጠርም። ወደ ፊት ጊዜ ቢተርፋቸው የገዛ አገራቸውን ቋንቋ አንድ ቃል እንዲያስተምሯቸው በትሕትና አሳስባለሁ። ቃሉም «ተመለሰ» የሚለው ነው። ከዚያ በኋላ መምህራቸው፣ ከሌላው አውራጃ በእጅጉ የሚለይ ቁጥር ባዩ ጊዜ፣ ከመደነቅ በፊት መጠራጠር የሚባል ነገር መኖሩን ቢነግሯቸው ትምህርቱ ሙሉ ይሆናል።

እንግዲህ ልመናዬን ልድገምና ልጨርስ። ወይዘሪት ያለምወርቅ ከመሄዷ በፊት እታለማሁን አይታት ነበር። ሦስቱም በደህና ተወልደው፣ ጥቂት ቀን ጠብተው፣ ከዚያ መንጋጋቸው ተቆልፎ ጡት አልይዝ እንዳሉ ስትሰማ፣ ነገሩ ከእትብቱ እንደሆነ፣ እትብት ባገኙት ማጭድና ቢላዋ መቆረጥ እንደሌለበት አስረድታ፣ «ምጥ ሲጀምርሽ ወደ እኔ ነይ፤ እኔ እዚህ ነኝ» ብላት ነበር። እታለማሁ ይህን ቃል ይዛ ተቀምጣለች። አዋላጇን መመለስ ለመሥሪያ ቤትዎ የሚያስቸግር ቢሆን፣ ያንን የተቀቀለ መቀስ የሚይዝ አንድ ሰው ብቻ ከጥር በፊት ይላኩልን። እርሱም ካልተቻለ፣ ክቡርነትዎ ራስዎ መጥተው ከዘመድ ጋር የሚኖሩትን ሕፃናት እንዲጎበኙ እጋብዛለሁ። እንቁላል ተበድረን እንቀበልዎታለን።

ቀለም ከማይነጥፍበት ብዕርዎ፣ ጥርጥር ከማይደርስበት ቁጥርዎ ጋር ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ ደህና እንደሆነ በገዛ ማኅተምዎ ካረጋገጡለት ሕዝብ መካከል፣ ሕመሙን ለማመን ፈቃድዎን የሚጠባበቅ፣

ትሑት አገልጋይዎ
ስማቸው እንየው

ግልባጭ፦
ለጋዜጣ አዘጋጆች፣ ቦታ ቢተርፋቸው፤
ለቆሰበር ክሊኒክ በር፣ ስለተዘጋ መለጠፊያ አለውና።

ድኅረ ጽሑፍ፤ የካቲት ፱ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.

ይህ ደብዳቤ ዳንግላ ካለው የታይፕ ጸሐፊ ዘንድ ወረፋ ሲጠብቅ ስለቆየ ዘግይቶ ይደርስዎታል። በመዘግየቱ ግን የምጨምረው ተገኝቷል፤ በእጄ ስለጻፍኩት ይቅርታዎን እለምናለሁ።

እታለማሁን ምጥ የያዛት ከጥምቀት በኋላ ነው። ወደ ቆሰበር ውሰዱኝ አለች፤ መዘጋቱን ብታውቅም አዋላጇ «እዚህ ነኝ» ብላኝ ነበር አለች። በቃሬዛ አመጣናት። በሩ ተቆልፎ ነበር፤ ይህ ደብዳቤ ገና አልተለጠፈበትም። የጭነት መኪና ስላላገኘን ወደ ዳንግላ ሕክምና በእግር ቀጠልን። በመንገድ ያገኘነውን ሁሉ ስንት ይቀራል ስንል፣ ሁሉም በሙሉ ልብ «እዚህ ማዶ ነው፣ አይዟችሁ» አለን። በመንገዱ ላይ ካለችው ከአዲስ ቅዳም ከተማ ሳንደርስ በመንገድ ዳር ወለደች። ሴት ናት። እትብቱን የቆረጥነው ከተሸካሚዎቹ አንዱ በያዘው ቢላዋ ነው። አዲስ ቅዳም ላይ ከሰል የምትሸጥ ወርቅነሽ የምትባል ሴት ከቤቷ አስገብታ አስተኛቻት።

ሕፃኗ ጥቂት ቀን ጠባች። ከዚያ አንድ ጧት ጡት አልይዝ አለች። ለእታለማሁ ማንም ምንም አልነገራትም፤ የሕፃኗን መንጋጋ በጣቷ ዳሰሰችና አወቀችው። አላለቀሰችም። ወደ እኔ ዞራ እንዲህ አለችኝ፦

«ቄስ ይጥሩልኝ ጋሼ። ይቺ እንደነዚያ አትመለስም። ይቺስ ትሙትልኝ።»

ሞት ላሰጋው ሕፃን ሰማንያ ቀን እንደማይጠበቅ ቄሱ ያውቁ ነበርና አልተከራከሩም። ወርቅነሽ ክርስትና እናት ሆና ታቀፈቻት። ወለተ ሚካኤል ተባለች። በማግስቱ አረፈች፤ ፍትሐት ተደርጎላት በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ተቀበረች። እታለማሁ አራስ ስለሆነች ወደ ቅጥሩ መግባት አትችልም፤ ከአጥሩ ውጭ፣ ሌሎቹ ልጆቿ በለመዱት በኩል፣ ቆማ ጠበቀች።

ስለዚህ፣ ክቡር ሆይ፣ ሦስቱን እንደ ፈቃድዎ ያድርጓቸው፤ ከዘመድ ጋር ይኑሩ። ወለተ ሚካኤል አዝመራው ግን ሞታለች። አንድ ብለው ይጻፉ።